የድንጋይ ከሰል ሒሳብና የዕጩዎች ቃል

አንድ ዕጩ ተወዳዳሪ በሕዝብ ፊት ቆሞ ሲናገር፥ የተናገረውን መመዘን ቀላል ነው፤ ሳይናገር ያለፈውን ለይቶ ማወቅ ግን ጥናት ይጠይቃል። ለዚህ ምሳሌ እንዲሆነን በ2016 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በአሜሪካ በተደረገው የፕሬዚዳንት ምርጫ ስለ ድንጋይ ከሰል የተነሣውን ክርክር መርጠናል። ክርክሩ ላይ ላዩን ለሚያየው ሰው «እንጀራ ይበልጣል ወይስ ንጹሕ አየር?» የሚል ይመስላል። እኛ ግን ዋናው ጥያቄ ሌላ ነው እንላለን፤ ይኸውም፥ ከሰሉ ሲሸጥ በዋጋው ውስጥ ያልተቈጠረውን ወጪ የሚከፍለው ማን ነው? የሚል ነው።

ከሁሉ አስቀድመን ወጪው ምን እንደ ሆነ እንመልከት። የከሰል አገር በሆነችው በዌስት ቨርጂኒያ በ1968 ፋርሚንግተን በተባለው ስፍራ በደረሰው ፍንዳታ 78 ቆፋሪዎች ሞተዋል። በ1972 የከሰል ዝቃጭ ያቆረ ግድብ በበፋሎ ክሪክ ተደርምሶ 125 ሰዎች በጎርፍ አልቀዋል። ከአደጋው በቀር ቀስ እያለ የሚገድልም አለ፤ የከሰል ብናኝ በቆፋሪው ሳንባ ውስጥ እየተጠራቀመ ትንፋሹን ያሳጥረዋል። ከሰሉን ለማግኘት የተራራው አናት በፈንጂ ሲነሣ ደግሞ ፍርስራሹ ወደ ሸለቆው ይደፋና ምንጩን ይቀብረዋል። ይህን ሁሉ የኤኮኖሚ ሊቃውንት «ውጫዊ ወጪ» ይሉታል፤ ሻጩም ገዢውም የማይከፍሉት፥ ነገር ግን አንድ ሰው የግድ የሚከፍለው ዕዳ ማለት ነው። በ2011 በሐርቫርድ ዩኒቨርሲቲ በፖል ኤፕስታይን መሪነት የቀረበ ጥናት፥ የአሜሪካ ሕዝብ ለከሰል የሚከፍለው ይህ የተሰወረ ዕዳ በየዓመቱ ከ300 ቢሊዮን ዶላር በላይ መሆኑን ገምቷል።

አሁን ወደ ዕጩዎቹ እንምጣ። ሂለሪ ክሊንተን ከሰል የሚያስከትለውን የአየር ንብረት ጉዳት በመቀበል፥ ለከሰል አካባቢዎች አዲስ ሥራ መፍጠሪያና ለጡረተኞች መጠበቂያ የሚሆን የ30 ቢሊዮን ዶላር ዕቅድ አቅርበው ነበር። ነገር ግን በመጋቢት 2016 ብዙ የከሰል ቆፋሪዎችና ኩባንያዎች ከሥራ እንደሚወጡ የተናገሩት አንድ ዓረፍተ ነገር ዕቅዱን ሁሉ ሸፈነው። ዶናልድ ትራምፕ በበኩላቸው በቻርልስተን ከተማ የቆፋሪ ቆብ ደፍተው፥ የመንግሥትን ደንብ አንሥተው ቆፋሪውን ወደ ሥራው እንደሚመልሱ ቃል ገቡ። ዌስት ቨርጂኒያም ከመቶ 68 በሚሆን ድምፅ መረጠቻቸው።

ለመሆኑ ሥራውን ያጠፋው ደንቡ ነውን? ቁጥሩ እንዲህ አይልም። በ1923 ከ800 ሺህ በላይ የነበሩት የአሜሪካ ከሰል ሠራተኞች፥ ትልቁ የአየር ጥበቃ ሕግ በወጣበት በ1970 ወደ 150 ሺህ ገደማ ወርደው ነበር። ስለዚህ አብዛኛውን ሥራ የወሰደው መኪናው ነው እንጂ ሕጉ አይደለም። ከ2008 በኋላ ደግሞ ርካሽ የተፈጥሮ ጋዝ ከሰልን ከኃይል ማመንጫዎች አስወጣው። ትራምፕ ምንጮችን ለመጠበቅ የወጣውን ደንብ በየካቲት 2017 ሽረዋል፤ መንግሥታቸውም የቀድሞውን የኃይል ማመንጫ ዕቅድ በ2019 ሰርዟል። ይሁን እንጂ በ2016 ወደ 50 ሺህ የነበረው የሠራተኛ ቁጥር በ2020 ወደ 40 ሺህ ገደማ ወርዷል። ለቆፋሪው ነገሩ «ላም አለኝ በሰማይ፥ ወተቷንም አላይ» ሆነበት።

ዕዳውስ ወዴት ሄደ? ከ2015 ጀምሮ ታላላቅ የከሰል ኩባንያዎች በኪሳራ ፍርድ ቤት ሲቀርቡ፥ የሠራተኛው ሕክምናና ጡረታ አደጋ ላይ ወደቀ። በመጨረሻም በ2017 ሕክምናውን፥ በ2019 መጨረሻ ደግሞ ጡረታውን የአገሪቱ ምክር ቤት በሕግ ወደ መንግሥት ገንዘብ አዛወረው። ትርፉ የባለ አክሲዮኖች ሲሆን ዕዳው የሕዝብ ሆነ ማለት ነው።

በእኛ አስተያየት ሁለቱም ወገኖች ጕድለት ነበረባቸው። አንደኛው ወገን እውነቱን ቢናገርም፥ ሥራው አስቀድሞ ጠፍቶ ካሣው በኋላ እንደሚመጣ አድርጎ ስለ ተናገረ፥ ብዙ ጊዜ የተታለለ ሕዝብ ሊያምነው አልቻለም። ሁለተኛው ወገን የሕዝቡን ኀዘን ቢረዳም፥ የኀዘኑን ምክንያት በሐሰት ነገረው። ትራምፕ ተመልሰው በ2025 ለከሰል የሚያግዙ ትእዛዞች ስለ ፈረሙ ክርክሩ ገና አላበቃም።

እንግዲህ ከዚህ ጥናት የምናገኘው ትምህርት ለከሰል ብቻ የሚሠራ አይደለም። ስለ ማንኛውም ማዕድን ተስፋ የሚሰጠንን ተናጋሪ ሦስት ነገር እንጠይቀው፦ ሥራው የጠፋው በምን ምክንያት ነው? ኩባንያው ሲሄድ መሬቱን የሚያድነው፥ የታመመውንም የሚያሳክመው ማን ነው? ገንዘቡስ ከሥራው በፊት ይቀመጣል ወይስ ከኪሳራው በኋላ ይፈለጋል? ለእነዚህ መልስ የሌለው ዕጩ፥ ቆብ ቢደፋም ቁጥር ቢደረድርም፥ ሒሳቡን ለልጆቻችን እያስተላለፈ መሆኑን ልናውቅ ይገባናል።