መንፈስ በሳይንስ ዘመን

ማታ ከጥናት በኋላ በማደሪያችን ተሰብስበን ስንጨዋወት የመንፈስ ነገር የተነሣ እንደ ሆነ ወዲያው በሁለት ወገን እንከፈላለን። አንዱ ወገን «በመሣሪያ ያልተለካ ነገር እንደሌለ ይቈጠራል» ብሎ ይሥቃል፤ ሁለተኛው ወገን «ሳይንስ ገና ያልደረሰበት ብዙ ነገር አለ፤ መንፈስም ያለው እዚያ ነው» ብሎ ይቈጣል። ክርክሩ ሌሊቱን ካጋመሰ በኋላ ሁለቱም ደክመው ይተኛሉ፤ በማግሥቱም እያንዳንዱ ወደ ትምህርቱ ይሄዳል፤ ነገሩም እንደ ነበረ ይቀራል።

የዚህ ጥናት ዓላማ ከሁለቱ ለአንዱ መፍረድ አይደለም፤ ሁለቱም ሳያውቁት በአንድ ነገር የተስማሙ መሆናቸውን ማሳየት ነው። ሁለቱም መንፈስን እንደ አንድ የተሸሸገ ዕቃ ይቈጥሩታል። አንዱ «ፈልጌ አጣሁት» ይላል፤ ሌላው «ገና ያልተፈተሸ ጓዳ አለ» ይላል። እኛ ግን ስሕተቱ ከጥያቄው ይጀምራል እንላለን። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።)

1. ቃሉ ምን ይላል?

ከቃሉ እንጀምር። በግዕዝ «ነፈሰ» ከሚለው ግሥ ጋር ነፋስ፣ ነፍስ፣ መንፈስ፣ እስትንፋስ የሚሉት ቃላት በአንድ ሥር ይገናኛሉ። በአማርኛም ተነፈሰ፣ ትንፋሽ፣ አናፈሰ እንላለን። ይህም የእኛ ቋንቋ ጠባይ ብቻ አይደለም። የዕብራይስጡ ሩዋሕ ነፋስም፣ ትንፋሽም፣ መንፈስም ማለት ነው፤ የግሪኩ ጵኔውማ እንዲሁ ነው፤ የላቲኑ ስፒሪቱስም መተንፈስ ከሚለው ቃል የወጣ ነው። በትውልድ የማይዛመዱ ቋንቋዎች እዚህ ላይ መገናኘታቸው ያለ ምክንያት አይደለም። ሕፃን ሲወለድ ሰው ሁሉ ጆሮውን አቅንቶ የሚጠብቀው ትንፋሹን ነው፤ ሽማግሌ ሲያርፍም በመጨረሻ የሚታየው የትንፋሹ መቋረጥ ነው።

እንግዲህ የጥንት ሰዎች መንፈስ ብለው ስም ሲያወጡ በእጅ የሚያዝ ነገር አላመለከቱም። ያመለከቱት የሚገባና የሚወጣ ነገርን ነው። ትንፋሹን ይዞ የሚኖር ሰው የለም፤ የያዘው እንደ ሆነ ይሞታል። የምንኖረው ተቀብለን በመመለስ ነው።

ያገራችንም ሰው ቃሉን የሚሠራበት በዚሁ አኳኋን ነው። ልጁ «ነፍስ ዐወቀ» ሲባል በሰውነቱ ላይ አንድ ነገር ተጨመረ ማለት አይደለም፤ ክፉና ደጉን ለየ፣ ለሌላው ሰው ማሰብ ጀመረ ማለት ነው። «ነፍስ ዘራ» ሲባል የደከመው በረታ፣ የወደቀው ተነሣ ማለት ነው። «የኅብረት መንፈስ» ሲባልም ከአባሎቹ ውስጥ ያንዱ ንብረት ያልሆነ፣ ነገር ግን ሁሉን የሚያንቀሳቅስ ነገር ማለት ነው። ደግሞም «የቅናት መንፈስ»፣ «ርኩስ መንፈስ» ይባላልና መንፈስ ሁሉ መልካም ነው ብሎ ቋንቋችን አያታልለንም። ይህን ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

2. ሳይንስ ምን ወሰደ?

ፈረንሳዊው ኬሚስት ላቯዚየ ከላፕላስ ጋር ሆኖ በ1782 እና በ1783 መካከል በነበረው ክረምት አንዲት ትንሽ እንስሳ በረዶ በተከበበ ዕቃ ውስጥ አስገብቶ፣ በሙቀቷ የቀለጠውን በረዶ ለካ። ከዚህም የተነሣ መተንፈስ ቀስ ብሎ የሚነድ እሳት ነው፤ ሻማ ሲነድ የሚሆነው ነገር በሕያው አካልም ውስጥ ይሆናል የሚል ፍርድ ሰጠ። በ1828 ደግሞ ጀርመናዊው ቮለር በእንስሳ አካል ውስጥ ብቻ ይሠራል ይባል የነበረውን ዩሪያን በቤተ ሙከራው ሠርቶ አሳየ። ሕይወት ያለውን ነገር ለመሥራት የተለየ «የሕይወት ኃይል» ያስፈልጋል ይባል የነበረው አስተሳሰብ በአንድ ቀን ባይወድቅም ከዚያ ወዲህ እየላላ ሄደ።

አንዳንዶች በዚህ ደንግጠው መንፈስን በራሱ በሳይንስ ሚዛን ሊያድኑት ሞከሩ። አሜሪካዊው ሐኪም ማክዱጋል የሚሞቱ ሰዎችን ከነአልጋቸው በሚዛን ላይ አድርጎ፣ በሞት ጊዜ ክብደታቸው ቢቀንስ የነፍስ ክብደት ነው ሲል በ1907 ጽሑፍ አወጣ። እስከ ዛሬ የሚወራው «21 ግራም» ከዚያ የመጣ ነው። የመዘናቸው ሰዎች ግን 6 ብቻ ነበሩ፤ ያ ቍጥር የተገኘውም ከአንዱ ብቻ ነው። ሙከራው ከንቱ የሆነው መለኪያው ስለ ተበላሸ ብቻ አይደለም። ሐኪሙ ቢሳካለት ኖሮ ያገኘው 21 ግራም የሚመዝን አንድ ተጨማሪ ዕቃ ነበር እንጂ መንፈስ አልነበረም። መንፈስን ሳይንስ ባልደረሰበት ጓዳ የሚያስቀምጥ ሰው ቤቱን በየዓመቱ ወደ ኋላ ለማዛወር ይገደዳል።

ይህን ነገር በግልጽ ካስረዱት አንዱ ማክስ ቬበር ነው። በኅዳር ወር 1917 በሙኒክ ከተማ ስለ ሳይንስ ሙያ ንግግር ሲያደርግ አዳማጮቹ እንደ እኛ ያሉ ተማሪዎች ነበሩ። አገራቸው በጦርነት ላይ ነበረችና እንዴት እንኑር ለሚለው ጥያቄያቸው መልስ ይፈልጉ ነበር። እርሱም ሳይንስ ዓለምን ከምትሃት ገፍፎ በስሌት የሚታወቅ እንዳደረጋት ከነገራቸው በኋላ፣ ያ ሳይንስ ራሱ «ምን ማድረግ ይገባናል?» ለሚለው ጥያቄ መልስ እንደማይሰጥ አስረዳቸው። ምሳሌ ያደረገውም ሕክምናን ነው፤ ሕክምና ሕይወትን እንዴት ማቈየት እንደሚቻል ያውቃል፤ ሕይወት ልትጠበቅ ይገባታል የሚለውን ግን ከሌላ ስፍራ ተቀብሎ ይጀምራል እንጂ በሙከራ አያረጋግጠውም። የሌላውን ስፍራ ስም ቬበር አልነገራቸውም። እኛ የምንፈልገው ያንን ስፍራ ነው።

3. ኮፐንሀገን፣ 1952

አሁን ትንፋሽና መንፈስ በእውነት የተገናኙበትን አንድ ታሪክ እንመልከት። በ1952 በጋ በዴንማርክ ዋና ከተማ በኮፐንሀገን የልጅነት ልምሻ፣ ማለት ፖሊዮ፣ በኀይል ተነሣ። በብዙ ሕመምተኞች ላይ በሽታው የመተንፈሻን ጡንቻ ስላሰነፈ እያወቁና እያዩ ይታፈኑ ነበር። ብሌግዳም የተባለው ሆስፒታል ለዚህ የሚሆኑ መሣሪያዎች የነበሩት 7 ብቻ ናቸው። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ሳምንታት የመተንፈስ ርዳታ ካስፈለጋቸው 31 ሕመምተኞች 27ቱ ሞቱ።

በነሐሴ ወር መጨረሻ ቢዮርን ኢብሰን የተባለ የማደንዘዣ ሐኪም ተጠርቶ መጣ። እርሱም የአንዲትን የ12 ዓመት ልጅ ጉሮሮ በቀዶ ጥገና አስከፍቶ ቱቦ ካስገባ በኋላ፣ በቱቦው ጫፍ የጎማ ከረጢት አድርጎ በእጁ እየጨመቀ አየር ወደ ሳንባዋ ላከ። ልጅቱ ዳነች። ዘዴው ግን አንድ ችግር ነበረበት፤ ከረጢቱን የሚጨምቅ እጅ ሌሊትና ቀን ማረፍ የለበትም፤ አንዳንድ ጊዜም በአንድ ቀን እስከ 70 የሚደርሱ ሕመምተኞች ይህን ይፈልጉ ነበር።

ይህን ሥራ የሠሩት ተማሪዎች ናቸው። 1,500 ያህል የሕክምናና የጥርስ ሕክምና ተማሪዎች በየተራ እየገቡ በየአልጋው ራስጌ ተቀመጡ። አንዱ ለብዙ ሰዓት ሲጨምቅ ቈይቶ ሲነሣ ሌላው ከረጢቱን ይቀበለዋል። ለሕፃናቱ መጽሐፍ ያነቡላቸው፣ ያጫውቷቸውም ነበር። ይህ ሥራ ለብዙ ወራት ቀጠለ፤ ከመቶ 87 የነበረው የሟቾች ቍጥርም ከግማሽ በታች ወረደ። ዛሬ በየሆስፒታሉ የምናየው የጽኑ ሕሙማን ክፍል ከዚያ ክረምት የጀመረ ነው ይባላል።

የተጋነነ ነገር እንዳንናገር እንጠንቀቅ። ተማሪዎቹ ለሥራቸው ክፍያ ያገኙ ነበር፤ ቅዱሳን ናቸው ያላቸውም የለም። ከእነርሱ መካከል አማኝም የማያምንም ሳይኖር አይቀርም። ነገር ግን በሚተላለፍ በሽታ መካከል፣ በሌሊት፣ በማያውቁት ልጅ አጠገብ ተቀምጦ ለአንድ አፍታም ሳይዘናጉ ትንፋሽ መስጠትን ደመወዝ ብቻ አያስረዳውም። በከረጢቱ ውስጥ የነበረው አየር ኬሚስት የሚያውቀው ኦክስጅንና ናይትሮጅን ነው፤ ላቯዚየ ትክክል ነበር። ያን አየር ወደ ልጁ ሳንባ ያደረሰው ግን ምንድር ነው? «ይህ ልጅ ሊሞት አይገባውም፤ እኔም ከዚህ ልነሣ አይገባኝም» የሚል ነገር ነው። እኛ መንፈስ የምንለው ይህን ነው።

ነገ የአንጎል ሊቃውንት የዚያ ተማሪ ጣቶች በምን ትእዛዝ እንደ ተንቀሳቀሱ አንድ በአንድ ቢያሳዩንስ? ደስ ይለናል እንጂ አንደነግጥም። ይህ መጽሔት የተባዛበትን ቀለም ኬሚስት መርምሮ ከምን እንደ ተሠራ ሊነግረን ይችላል፤ አንድም የቀረው የቀለም ነጥብ አይኖርም። ጽሑፉ እውነት ነው ወይስ ሐሰት ለሚለው ግን ቀለሙን ደግሞ መመርመር አይጠቅመውም፤ ማንበብ ያስፈልጋል። እንዲሁም ሥራው በምን መንገድ እንደ ተሠራ ማወቅ ስለ ምን መሠራት እንደሚገባው ከማወቅ ይለያል።

4. መንፈስ ሁሉ መልካም አይደለም

ከዚያ ዘመን 10 ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1942፣ ሌሎች ሐኪሞች ስለ ትንፋሽ ይመረምሩ ነበር። በጀርመን አገር በዳኻው እስር ቤት እስረኞችን አየሩ በሚመጠጥበት ክፍል እያስገቡ፣ አውሮፕላን አብራሪ በከፍተኛ ሰማይ ላይ ምን እንደሚደርስበት ለማወቅ ሲታፈኑ እየተመለከቱ ይጽፉ ነበር። ከእስረኞቹም ብዙ ሰዎች ሞቱ። ከጦርነቱ በኋላ በኑረምበርግ ከ1946 እስከ 1947 በተደረገው የሐኪሞች ክስ ከቀረቡት 23 ተከሳሾች 20ዎቹ ሐኪሞች ነበሩ። ያልተማሩ ሰዎች አልነበሩም። ሰዓት ይይዙ፣ ሰንጠረዥ ይሞሉ ነበር። መንግሥታቸውም ስለ ሕዝብ መንፈስ ከመለፍለፍ አላረፈም።

እንግዲህ የዳኻው ሐኪምና የኮፐንሀገን ተማሪ ስለ ሳንባ ያላቸው ዕውቀት ከአንድ የሕክምና ትምህርት የተቀዳ ነው። ልዩነቱ አንዱ ለሌላው ሰው ትንፋሽ ሲሰጥ ሌላው መንሣቱ ነው። ስለዚህ መንፈስን የምንመረምርበት መለኪያ ከቃሉ ከራሱ እናገኛለን። ስለ ሃይማኖት፣ ስለ አገር፣ ስለ ወገን ወይም ስለ ዕድገት በታላቅ ቃል የሚናገር መንፈስ በመጣ ጊዜ «ይህ መንፈስ ሲነፍስ የሚተነፍሰው ማን ነው? የሚታፈነውስ ማን ነው?» ብለን እንጠይቅ። ባልንጀራውን እያፈነ የሚያሞቀን መንፈስ፣ ስሙ የቱንም ያህል ቢያምር፣ መልካም መንፈስ አይደለም።

እዚህ ላይ ከሁለቱም ወገን ተቃውሞ እንደሚነሣ እናውቃለን። አማኙ ጓደኛችን «መንፈስን የሰው ደግነት ብቻ አደረጋችሁት» ይለናል። አላደረግነውም፤ ትንፋሹ ከወዴት እንደሚመጣ የሚናገረውን እምነት አንክድበትም፤ ነገር ግን በጎረቤቱ አልጋ አጠገብ የማይታይ መንፈስ በጸሎት ቤት ብቻ አለ ቢለን ማስረጃው ይጐድለናል። የማያምነው ጓደኛችን ደግሞ «ደግነት በሉት፤ መንፈስ የሚል አሮጌ ቃል ለምን ታመጣላችሁ?» ይለናል። ደግነት ያንድ ሰው ጠባይ ነው። ከእጅ ወደ እጅ የተላለፈው ከረጢት ግን የማንም አልነበረም፤ ደካማውም ተማሪ በተራው ከተቀመጠ በኋላ የማያውቀውን ብርታት አገኘ። ከሰው ወደ ሰው የሚያልፈውን፣ የሚቀበለውንም የሚለውጠውን ነገር ለመጥራት ከዚህ የተሻለ ቃል አላገኘንም።

5. ይህ እኛን ምን ይመለከተናል?

እኛ ተማሪዎች ወደዚህ የመጣነው ዕውቀት ለመገብየት ነው፤ መልካም ነው። ያለ ከረጢቱና ያለ ቱቦው የዴንማርክ ተማሪዎች መልካም ፈቃድ ብቻውን አንድ ሕፃን አያድንም ነበር። ሳይንስን የሚንቅ መንፈሳዊነት የሚታፈነውን ልጅ ቁሞ ከማልቀስ አያልፍም። ነገር ግን ኮርሱን ሁሉ በማዕረግ ጨርሶ፣ ይህ ዕውቀት ለማን ትንፋሽ እንደሚሆን አንድ ቀን ሳይጠይቅ የሚወጣ ምሩቅም ለአገሩ ያሠጋል። ዳኻው የተሠራው በእንደዚህ ያሉ ምሩቃን ጭምር ነው።

ይህም ነገር ከምረቃ በኋላ የሚጀመር አይደለም። ማስታወሻ ደብተሩን ከደካማው ጓደኛው የሚደብቅ፣ ሌላው ሲወድቅ ማዕረጉ ከፍ የሚል የሚመስለው ተማሪ ከአሁኑ ትንፋሹን መያዝ ተለማምዷል። መንፈስ ጠፋ እያልን በየማደሪያው ከመከራከር ይልቅ፣ ከአጠገባችን ትንፋሽ ያጠረው ማን እንደ ሆነ ብንመለከት ይሻላል። ከረጢቱ ዛሬም ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል፤ ተራችን ሲደርስ እንቀመጥ።

ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች

1. በየትምህርት ክፍላችን «እንዴት» የሚለውን እንማራለን። «ስለ ምን» የሚለውን የምንማረው የት ነው?
2. ከላይ የቀረበው መለኪያ፣ ማለት «የሚተነፍሰው ማን ነው? የሚታፈነው ማን ነው?» የሚለው፣ የማይበቃበት ነገር ይኖር ይሆን?
3. ደመወዝ የተከፈለው ሥራ የመንፈስ ሥራ ሊሆን ይችላል ወይስ አይችልም?