የባሕር ብርጭቆ፦ በቤተሰብ ቀን ከባሕር ዳር ስለሚለቀመው ስባሪ



ባሕር በሌለበት አገር ለምንኖር ሰዎች «የባሕር ብርጭቆ» የሚለው ስም እንግዳ ሳይሆን አይቀርም። በውጭ አገር የሚኖሩ ወገኖቻችን ግን በበጋ ወራት ልጆቻቸውን ይዘው ወደ ባሕር ዳር ሲወርዱ ከጠጠር መካከል ለቅመው በኪሳቸው የሚያኖሩት፣ ወደ አገር ቤት ሲመጡም አንዳንድ ጊዜ ከሻንጣቸው አውጥተው የሚያሳዩን ነገር ነው። በእጅ ሲይዙት የተላሰ ከረሜላ የሚመስል፣ ወደ ብርሃን ሲያነሡት በጭጋግ ውስጥ እንዳለ መብራት ደብዘዝ ብሎ የሚታይ፣ ነጭ ወይም አረንጓዴ ወይም ቡናማ ቀለም ያለው ትንሽ ቁራጭ ነው። ብዙዎች የከበረ ድንጋይ ይመስላቸዋል። ነገር ግን ድንጋይ አይደለም፤ ሰው የሠራው፣ ሰው የሰበረው፣ ሰውም የጣለው ጠርሙስ ነው።

ይህን ጽሑፍ ለማዘጋጀት ያነሣሣንም ይኸው የመጨረሻው ነጥብ ነው። ይህን የሚያምር ነገር ያነሣ ልጅ ሁሉ ሳይውል ሳያድር አንድ ከባድ ጥያቄ ይጠይቃል፤ ይኸውም «ቆሻሻ ወደ ባሕር መጣል መጥፎ ከሆነ፣ ይህ እንዴት እንዲህ አማረ?» የሚል ነው። ወላጅም ሆነ የትምህርተ ክርስቶስ መምህር መልሱን አስቀድሞ ቢያስብበት መልካም ነው።

ባሕሩ ምን ይሠራል?

ብርጭቆ በመሠረቱ የቀለጠ አሸዋ ነው። አሸዋ ብቻውን እንዲቀልጥ 1700 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ሙቀት ስለሚጠይቅ፣ ሠሪዎቹ ሶዳ ይጨምሩበትና ባነሰ እሳት እንዲቀልጥ ያደርጉታል። ሶዳ ብቻ የተጨመረበት ብርጭቆ ደግሞ ውሃ የሚያሟሟው ስለሚሆን ኖራ ይታከልበታል። አሸዋ፣ ሶዳና ኖራ፤ የተራው ጠርሙስ ምሥጢር ይኸው ነው። ቀለሙ የሚመጣው ከሌላ ነው። በአሸዋው ውስጥ ያለው ብረት አረንጓዴ ያደርገዋል፤ ኮባልት ሰማያዊ፣ ወርቅ ወይም ሴሌኒየም ደግሞ ቀይ ያደርገዋል። ቀይ ቁራጭ ብርቅ የሆነው ስለዚህ ነው፤ በወርቅ የሚቀላ ብርጭቆ ለቢራ ጠርሙስ አይውልምና።

አልፎ አልፎ ፈዘዝ ያለ ወይን ጠጅ ቀለም ያለው ቁራጭ ይገኛል። ይህ ቁራጭ ሲሠራ ነጭ ነበር። የቀድሞ ሠሪዎች አረንጓዴውን ለማጥፋት ማንጋኒዝ የሚባል ማዕድን ይጨምሩ ነበር፤ ይህም ልማድ እስከ አንደኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ድረስ ቆይቷል። ማንጋኒዝ ያለበት ብርጭቆ ለብዙ ዓመታት ፀሐይ ሲያገኘው ወደ ወይን ጠጅነት ይለወጣል። ስለዚህ ልጁ በእጁ የያዘው ቁራጭ ከቅድመ አያቱ ዘመን ሊሆን እንደሚችል ቀለሙ ራሱ ይነግረዋል።

ጠርሙሱ ተሰብሮ ባሕር ውስጥ ሲገባ ሁለት ነገር ይደርስበታል። አንደኛው ማዕበሉ ከጠጠርና ከአሸዋ ጋር እያንከባለለ ስለቱን ይበላዋል። ሁለተኛው ለዐይን የማይታይ ሥራ ነው፤ ውሃው ከብርጭቆው ገጽ ላይ ሶዳውን በጥቂት በጥቂቱ እየሳበ ያወጣዋል፤ ገጹም ይሸረሸርና አመዳይ የወረደበት ይመስላል። ይህ ሁሉ ቢያንስ ከ20 እስከ 40 ዓመት ይፈጃል፤ ከመቶ ዓመት በላይ የቆዩም ብዙ ናቸው። ማዕበል በሌለበት ሐይቅ ዳር የሚገኝ ስባሪ ዘመኑ ቢረዝምም እንዲህ አለመለስለሱ ከዚህ የተነሣ ነው።

በገበያ የሚሸጥ አስመሳይም አለ። አዲስ ጠርሙስ ሰብረው ከአሸዋ ጋር በሚሽከረከር በርሜል ውስጥ ለጥቂት ቀናት ያዞሩታል፤ ወይም በአሲድ ያደበዝዙታል። እውነተኛውን በማጉያ መነጽር የተመለከተው ሰው ግን ገጹ ላይ የግማሽ ጨረቃ ቅርጽ ያላቸው ጥቃቅን ጠባሳዎች ያያል። እነዚህ ከድንጋይ ጋር በተጋጨ ቁጥር የተቀበላቸው ምቶች ናቸው። በርሜሉ ይህን አይሰጥም።

የሲሃም ጠረፍ

በእንግሊዝ አገር ሰሜናዊ ምሥራቅ፣ በደራም አውራጃ፣ ከሰንደርላንድ ከተማ በስተደቡብ ሲሃም የምትባል ትንሽ የወደብ ከተማ አለች። የባሕር ብርጭቆ ለቃሚዎች ከየአገሩ የሚመጡባት ስፍራ ናት። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1853 ጆን ካንድሊሽ የተባለ ሰው በዚያ ትልቅ የጠርሙስ ፋብሪካ አቋቋመ፤ ፋብሪካውም እስከ 1921 ድረስ ሠራ። የድንጋይ ከሰሉ ከአጠገቡ ይወጣል፤ ወደቡም በ1831 ተከፍቶ ነበር። የተሰበረው፣ የተበላሸውና ከሥራ የተረፈው ብርጭቆ ወደ ባሕር ይጣል ነበር። ፋብሪካው ከተዘጋ ከመቶ ዓመት በላይ ቢሆነውም ባሕሩ ዛሬም የዚያን ዘመን ስባሪ እየመለሰ በጠጠሩ ላይ ያኖራል።

ስለዚያ አካባቢ ሌላም ሊነገር የሚገባው ነገር አለ። ከሲሃም ጥቂት ኪሎ ሜትር ወደ ሰሜን፣ በዌር ወንዝ አፍ፣ ቅዱስ ቤኔዲክቶስ ቢስኮፕ እ.ኤ.አ. በ674 ገዳም መሠረተ። የቤተ ክርስቲያኑ ሕንፃ ሊያልቅ ሲቃረብም በእንግሊዞች ዘንድ ብርጭቆ የሚሠራ ሰው ስላልነበረ ወደ ጋልያ፣ ማለት ወደ ዛሬዋ ፈረንሳይ፣ መልእክተኞች ልኮ ባለ ሙያዎች አስመጣ። በዚያው ገዳም ያደገው ቅዱስ ቤዳ እንደ ጻፈልን፣ እነዚህ ሰዎች መስኮቶቹን ብቻ ሠርተው አልሄዱም፤ ሙያውን ለአገሩ ሰዎች አስተምረዋል። በዚያን ዘመን ብርጭቆ እጅግ ውድ ነበር። መጽሐፈ ኢዮብም በምዕራፍ 28 ብርጭቆን ከወርቅ ጎን ማሰለፉ ለዛሬ አንባቢ ቢያስደንቅም ለጥንቱ ሰው የሚያስደንቅ አልነበረም። ከባሕር ማዶ ሠሪ ተፈልጎ የመጣለት ነገር፣ ከ1200 ዓመት በኋላ በዚያው ጠረፍ በጋሪ የሚደፋ ትርፍ ሆነ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በዚያ አገር ከሚኖሩ ቤተሰቦች ጋር አንድ ቀን በዚህ ጠረፍ ለማሳለፍ ዕድል አግኝተን ነበር። ልጆቹ ገና ከመውረዳቸው አንዲት ሴት ልጅ አረንጓዴ ቁራጭ አነሣችና ሮጣ ስትመጣ፣ እናቷ ከሩቅ «ጣይው! ጠርሙስ ነው፣ ይቆርጥሻል!» ብለው ጮኹ። ልጅቱ አልጣለችውም፤ እጇን ዘርግታ አሳየቻቸው። እናትየዋ ጫፉን በአውራ ጣታቸው ዳሰስ አደረጉና ወደ እኛ ዞረው «አባ፣ ይኼስ ጠርሙስነቱን ረስቷል» አሉ። ከዚያ በኋላ ከሁሉም ቀድመው ሲለቅሙ የዋሉት እርሳቸው ነበሩ።

ይህን የመሰለ ነገር ለስብከት ምቹ መሆኑን እናውቃለን። የተሰበረች ነፍስ በመከራ ማዕበል ተንከባልላ ትለሰልሳለች የሚለውን ምሳሌ ከአንድ ጊዜ በላይ ሰምተናል። ምሳሌው አይከፋም፤ ነገር ግን በሐዘን ላይ ላለ ሰው ከደረቅ ምድር ቆሞ ስለ ማዕበል ጥቅም መናገር ቀላል መሆኑን መምህራን ባይዘነጉ እንወዳለን። በተጨማሪም ምሳሌው ጠርሙሱን የጣለውን እጅ ይደብቃል፤ የልጆቹ ጥያቄ ደግሞ ስለዚያ እጅ ነው።

ባሕሩ ያልለወጠው

ለጥያቄው መልስ ለመስጠት ከዚያው ከሲሃም መራቅ አያስፈልግም። በዚያ ጠረፍ ላይ የተጣለው ብርጭቆ ብቻ አልነበረምና። በአካባቢው የነበሩት የድንጋይ ከሰል ማውጫዎች ለብዙ አሠርት ዓመታት ዝቃጫቸውንና ድንጋያቸውን ወደ ባሕሩ ሲገለብጡ ኖረዋል። ማዕበሉ ይህንንም አንከባለለው፤ ነገር ግን አላሳመረውም። አሸዋው ጠቆረ፤ ሕይወት ያለውም ነገር ከጠረፉ ራቀ። በደራም ጠረፍ የቀሩት ማውጫዎች በ1993 ከተዘጉ በኋላ፣ ከ1997 እስከ 2002 ድረስ ጠረፉን ለማጽዳት ትልቅ ሥራ መሥራት አስፈለገ። የተከመረውን በመሣሪያ እያነሡ ያጓጓዙት ሰዎች ናቸው።

እንግዲህ አንድ ባሕር፣ አንድ ጠረፍ፣ ሁለት ዓይነት ቆሻሻ ነው። ብርጭቆው የአሸዋ ዘመድ ስለሆነ ወደ አሸዋነት እየቀረበ ሄደ፤ ሌላው ግን እንደ ክፉ ዕዳ ተከመረ። የዘመናችን ፕላስቲክማ ከዚህም ይብሳል፤ እየደቀቀ ይሄዳል እንጂ ወደ ምንም መልካም ነገር አይለወጥም፤ ደቃቁም በዓሣ ሆድ ውስጥ ይገኛል። ስለሆነም ለልጁ «ያማረው መጣሉ አይደለም፤ ከተጣለው መካከል ባሕሩ የቻለውን ያህል ነው» ማለት ይቻላል። ይህ መልስ ለአንድ የስምንት ዓመት ልጅ የሚከብድ አይደለም። እንዲያውም ልጆች ከእኛ ይልቅ ቶሎ ይረዱታል።

በአገራችን ለዚህ የሚሆን ቅርብ ማስረጃ አለ። የቢራና የለስላሳ መጠጥ ጠርሙስ ባዶው ይመለሳል፤ ማስያዣም ይከፈልበታል። በከተሞቻችን «ቆራሌው!» እያለ በየመንደሩ የሚዞረው ሰውም ሌላውን ዕቃ ከነጠርሙሱ ይገዛል። ባሕር የሌለን ሕዝብ ጠርሙስን ባንጥል ምክንያቱ ድህነት ነው የሚሉ አሉ፤ ይሁን እንጂ ከድህነትም የሚወረስ መልካም ልማድ አለ ብለን እናምናለን።

በአሜሪካ ካሊፎርኒያ የምትገኘው የፎርት ብራግ ከተማ ታሪክ ደግሞ ነገሩን በሌላ በኩል ያሳያል። ነዋሪዎቿ እ.ኤ.አ. ከ1906 ጀምሮ ቆሻሻቸውን ከገደሉ አፋፍ ወደ ባሕር ይጥሉ ነበር፤ ይህም በ1967 ታገደ። በ2002 የግዛቲቱ የመናፈሻ አስተዳደር ቦታውን ገዝቶ ጠረፉን ከመናፈሻው ጋር ቀላቀለው፤ በመናፈሻው ክልል ውስጥም ብርጭቆ ማንሣት ተከለከለ። ብርጭቆው በጎብኚ ብዛት እየተመናመነ ሲሄድ አዲስ ስባሪ ወደ ባሕሩ ይጨመር የሚል ሐሳብ ያነሡ ሰዎችም ነበሩ። ከፍቅር የመነጨ ሐሳብ መሆኑን አንጠራጠርም። ሆኖም የልጅ ልጅ ለሚለቅመው ጌጥ ሲባል ዛሬ ስለታም ስባሪ በባሕር ዳር መበተን፣ ስሕተቱን አጥፍቶ ውበቱን ማስቀረት አይደለም፤ ስሕተቱን መድገም ነው።

ለሚለቅሙ ቤተሰቦች

በመጀመሪያ የቦታውን ሕግ መጠየቅ ይገባል። በእንግሊዝም ቢሆን ከባሕር ዳር ጠጠርና አሸዋ ማንሣት የተከለከለባቸው ስፍራዎች አሉ።

ጊዜውን መምረጥ ቀጥሎ ይመጣል። ባሕሩ ሲሸሽ፣ በተለይም ጨረቃ ስትሞላና አዲስ ስትወጣ ባለው ሰሞን፣ ውሃው ከሌላው ጊዜ ይልቅ ርቆ ስለሚሄድ ሰፊ ስፍራ ይገለጣል፤ ከብርቱ ማዕበል ማግስት ደግሞ ከሁሉ ይሻላል። ብርጭቆው የሚገኘው በለስላሳው አሸዋ ላይ ሳይሆን ጠጠሩ በተሰለፈበት መስመር ላይ ነው። ውሃው የሚመለስበትን ሰዓት ሳያውቁ ልጆችን ይዞ መውረድ አይገባም። ጀርባን ለባሕር ሰጥቶ ማጎንበስም እንዲሁ፤ ብዙ ለቃሚ የረጠበው ከዚህ የተነሣ ነው። በሲሃም አካባቢ ገደሉ የሚናድ ስለሆነ ምሳ ከሥሩ ተቀምጦ አይበላም።

ገና ስለቱ ያልጠፋ ቁራጭ ሲገኝ ምን ይደረግ በሚለው ለቃሚዎች አይስማሙም። ብዙዎቹ «አልበሰለም» ብለው ወደ ውሃው ይመልሱታል። እኛ ግን በባዶ እግሩ የሚሮጥ ልጅ ነገ በዚያ እንደሚያልፍ ስለምናስብ፣ ክዳን ባለው ጣሳ ተይዞ ወደ ቆሻሻ መጣያ ቢሄድ እንመርጣለን። የበሰለውንም ቢሆን ሁሉን አግበስብሶ መውሰድ አያስፈልግም። ፋብሪካው በ1921 ተዘግቷል፤ የተነሣው አይተካም። ለአንድ ልጅ አንድ እፍኝ ይበቃዋል፤ እፍኙም የራሱ የልጁ እፍኝ ይሁን እንጂ የአባቱ አይሁን።

ቤት ሲደርሱ በንጹሕ ውሃ አጥቦ ማድረቅ በቂ ነው። እንዲያበራ ዘይት የሚቀቡት አሉ፤ ጭጋጉን ስለሚያጠፋው አንወደውም። በነጭ ብልቃጥ ውስጥ አድርጎ በመስኮት አጠገብ ቢያስቀምጡት ጠዋት ጠዋት ያምራል። በብልቃጡም ውስጥ የተገኘበት ጠረፍ፣ ቀኑና ያገኘው ልጅ ስም የተጻፈበት ትንሽ ወረቀት ይጨመርበት፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ የትኛው ከየት እንደ መጣ የሚያስታውስ አይኖርምና።