ታህሪብ በዱቤ፦ ከፋዩ ማን ነው?

በጅግጅጋ ወይም በቶጎ ውጫሌ ካሉ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ወደ አንዱ ገብታችሁ «ታህሪብ ምንድን ነው?» ብላችሁ ብትጠይቁ የማያውቅ ተማሪ ማግኘት ይከብዳችኋል። ቃሉ ከዓረብኛ የመጣ ነው፤ በድብቅ ማሻገር ማለት ሲሆን በአማርኛ ኮንትሮባንድ ከምንለው ጋር ይቀራረባል። በሶማሊኛ ግን ዛሬ በዋናነት ወጣቶች ያለ ቪዛ፣ በበረሃና በባሕር አድርገው ወደ አውሮፓ ወይም ወደ ዓረብ አገር የሚያደርጉትን ጉዞ ያመለክታል። የሚሻገረው ዕቃ ሰው ነው ማለት ነው።

ስለ ስደት አደጋ በየክበቡና በየሬዲዮው ብዙ ተብሏል። እንዲያውም አንዳንድ ተማሪዎች ገና ትምህርቱን ስንጀምር «ደግሞ ስለ ባሕሩ ልትነግሩን ነው?» ይሉናል። እውነታቸውን ነው፤ ባሕሩን ሰምተውታል። ብዙ ጊዜ የማይወራው የጉዞው ሒሳብ እንዴት እንደሚሠራ ነው። ስለዚህ የዛሬው ትምህርታችን የሚያተኩረው «አሁን ሂድ፣ በኋላ ትከፍላለህ» በሚባለው የዱቤ ጉዞ ላይ ነው። ይህ ዱቤ ከኤች አይ ቪ ጋር በምን እንደሚገናኝም ወደ በኋላ እናየዋለን።

መሄድ ለዚህ አካባቢ አዲስ አይደለም

በቅድሚያ አንድ ነገር ግልጽ ይሁን። በክልላችን ሰሜናዊ ከተሞች አገር ለቆ መሄድም ሆነ ስደተኛ መቀበል የቆየ ነገር ነው። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በተካሄደው የኢትዮ-ሶማሊያ ጦርነት ሳቢያ ብዙ ቤተሰብ ከጅግጅጋና ከአካባቢዋ ወደ ሶማሊያ ተሰዷል። አሥር ዓመት ያህል ቆይቶ ነገሩ ተገለበጠ፤ በ1980 ዓ.ም. የዚያድ ባሬ ጦር ሀርጌሳን በአየርና በከባድ መሣሪያ ሲደበድብ ሕዝቡ ድንበር ተሻግሮ ወደ እኛ መጣ። ሀርትሼክ ላይ የተቋቋመው መጠለያ በአንድ ወቅት ከዓለም ትልልቅ የስደተኛ ጣቢያዎች አንዱ ነበር፤ የተዘጋው በ1996 ዓ.ም. ነው። እዚያ ራሽን ካርድ ይዘው የተሰለፉ ዘመዶች ያሏችሁ ተማሪዎች ትኖራላችሁ።

ከዚያ ትውልድ የተወሰኑት አውሮፓ፣ አሜሪካና ካናዳ ገቡ። ዛሬ በሐዋላ ገንዘብ የሚልኩት፣ ለዕረፍት ሲመጡም ጅግጅጋ ላይ ቤት የሚያሠሩት እነሱና ልጆቻቸው ናቸው። ወጣቱ በዓይኑ የሚያየው ይህን ነው። ሶማሊዎች በስደተኛ ጣቢያዎች ውስጥ «ቡፊስ» የሚሉት ነገር አለ፤ ልብ አስቀድሞ ውጭ አገር ሄዶ አካል ብቻ እዚህ ሲቀር ማለት ነው። ቡፊስ የያዘው ተማሪ ስሙ ሲጠራ «አቤት» ይላል እንጂ መምህሩ የሚለውን አይሰማም።

ታዲያ ታህሪብ የሚሄደውን ሁሉ ሰነፍ ወይም ያልተማረ ማለት ስህተት ነው። የሞቃዲሾዋ ሯጭ ሳሚያ ዩሱፍ ኦማር በ2000 ዓ.ም. በቤጂንግ ኦሎምፒክ በ200 ሜትር አገሯን ወክላ ሮጣለች። ከዚያ በኋላ የሚያሠለጥናት ሰው ፍለጋ አዲስ አበባ ድረስ መጥታ ነበር። ሁኔታው ሳይሳካላት ሲቀር በሱዳን በኩል ሊቢያ ገባች፤ በ2004 ዓ.ም. ወደ ጣሊያን ስትሻገር ሜዲትራንያን ባሕር ላይ ሕይወቷ አለፈ። ዕድሜዋ 21 ነበር። ይቺን ልጅ ማን ሰነፍ ይላታል?

ዱቤው እንዴት ይሠራል?

ድሮ ድሮ ደላላ ገንዘቡን አስቀድሞ ነበር የሚቀበለው። ብር የሌለው ወጣት ቢፈልግም አይሄድም። የዱቤው ዘዴ ይህን እንቅፋት አነሳው። እስቲ አንድ የ11ኛ ክፍል ተማሪ እናስብ። ኪሱ ውስጥ ያለው የባጃጅ ሒሳብ ብቻ ነው። በዕድሜ ትንሽ ከፍ የሚለው የሰፈር ልጅ ሻይ ቤት ያገኘውና «ብር አያስፈልግም፤ ስትደርስ ትከፍላለህ» ይለዋል። ጓደኞቹን ይዞ ከመጣ ደግሞ የራሱ ሒሳብ እንደሚቀነስለት ያክልበታል። ልብ በሉ፣ ደላላው ጭንብል ያጠለቀ ሽፍታ አይደለም። ብዙ ጊዜ ሰላምታ የምትሰጡት ሰው ነው።

አንድ ቅድመ ሁኔታ ብቻ አለው፦ ለቤተሰብ እንዳይነገር። ይህ ለምን እንደሆነ አስባችሁበት ታውቃላችሁ? ቤተሰቡ አስቀድሞ ቢሰማ «እኛ አንከፍልም» ሊል ይችላል። ልጁ ሊቢያ ከገባ በኋላ ግን እንዲህ የሚል እናትና አባት አይገኝም። ስለሆነም ምስጢሩ የንግዱ ዋና ክፍል ነው እንጂ ለልጁ ደኅንነት ተብሎ የሚደረግ ጥንቃቄ አይደለም።

መንገዱን በአጭሩ እንየው። የእኛ አካባቢ ልጆች ለረጅም ጊዜ የሚሄዱት በአዲስ አበባ አድርገው መተማ፣ ከዚያ ካርቱም፣ ከዚያ ሰሃራን አቋርጠው ሊቢያ ነበር። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ሱዳን ውስጥ ጦርነት ከተነሳ ወዲህ ይህ መስመር የባሰ አደገኛ ሆኗል። ሁለተኛው በምሥራቅ በኩል ያለው ነው፤ ከቶጎ ውጫሌ በሀርጌሳ አድርጎ ቦሳሶ፣ ወይም ከድሬዳዋ በደወሌ አድርጎ ጅቡቲ ውስጥ ኦቦክ፣ ከሁለቱም በጀልባ የመን፣ ከየመን ሳዑዲ። በዚህኛው በብዛት የሚያልፉት ከኦሮሚያ፣ ከአማራና ከትግራይ የሚመጡ ወጣቶች ናቸው፤ በከተሞቻችን ሲያልፉ አይታችኋቸው ይሆናል። ሐምሌ 27 ቀን 2017 ዓ.ም. የመን ውስጥ በአብየን ጠረፍ አቅራቢያ በሰጠመችው ጀልባ ከ90 በላይ ሰዎች ሞተዋል፤ ተሳፋሪዎቹ በአብዛኛው ኢትዮጵያውያን ነበሩ። ነሐሴ 3 ቀን 2009 ዓ.ም. ደግሞ አንድ አሻጋሪ 120 የሚሆኑ ሶማሌና ኢትዮጵያውያን ተሳፋሪዎችን በሸብዋ ጠረፍ አጠገብ አስገድዶ ባሕር ውስጥ አስወርዷቸዋል። እስከ 50 የሚደርሱት እንደሰጠሙ ዓለም አቀፉ የስደተኞች ድርጅት በወቅቱ ገልጿል። አማካይ ዕድሜያቸው 16 ዓመት ገደማ ነበር። የ10ኛ ክፍል ተማሪ ዕድሜ ማለት ነው።

ወደ ዱቤው እንመለስ። ልጁ ከደላላ ወደ ደላላ እየተላለፈ በመጨረሻ የሚረከበው ሰው በሶማሊኛ «መጋፌ» ይባላል፤ «የማይስት» ማለት ነው። ከዚያ ወደ ቤት ስልክ ይደወላል። «ሆዮ፣ ብር ላኩልኝ!» የሚለው ድምፅ የራሱ የልጁ ነው፤ ድብደባው በስልኩ ውስጥ ይሰማል፤ አሁን አሁንማ በቪዲዮ ተቀርጾ ይላካል። የሚጠየቀው በሺዎች የሚቆጠር ዶላር ነው። «ስትደርስ ትከፍላለህ» የተባለው ሳይደርስ ይጠየቃል፣ ዋጋውንም የሚቆርጠው መጋፌው ብቻ ነው።

አባት መሬት ይሸጣል። እናት ወርቋን ታወጣለች። ገጠር ያሉ ዘመዶች ግመል ይነዳሉ፣ ጎሳው መዋጮ ያሰባስባል። ያ ቤት ቀድሞም ሀብታም አልነበረም፤ ታናናሾቹ ትምህርት የሚማሩበት ገንዘብ አብሮ ይሄዳል። እዚህ ላይ ነው «ዱቤ» የሚለው ቃል ራሱ የሚያሳስተው። ባለሱቁ ስኳር በዱቤ ሲሰጣችሁ መያዣ አይጠይቅም፤ ያምናችኋል። በዚህኛው ዱቤ ግን ከመጀመሪያው መያዣ አለ። መያዣው የልጁ አካል ነው።

አካል መያዣ ሲሆን

ኤች አይ ቪ የሚመጣው እዚህ ጋ ነው። በክበባችሁ መታቀብን፣ አንድ ለአንድ መወሰንን፣ በኮንዶም መጠቀምን ተምራችኋል። ሦስቱም የሚሠሩት ሰው በራሱ አካል ላይ መወሰን ሲችል ነው። በመጋፌ መጋዘን የተያዘች ልጅ ግን ምንም አትወስንም። ወንዶች ልጆችም ላይ ተመሳሳይ ጥቃት ይደርሳል፤ በእኛ ባህል ስለማይነገር ነው የሌለ የሚመስለው።

ከአፍሪካ ቀንድ በሊቢያ በኩል የሄዱ ሴቶች ጉዞ ከመጀመራቸው በፊት ለሦስት ወር የሚያገለግል የወሊድ መከላከያ መርፌ እንደተወጉ ተናግረዋል። እስቲ አስቡት፣ መደፈር የጉዞው አንድ ክፍል ተደርጎ ተቆጥሯል ማለት እኮ ነው። ደግሞም መርፌው እርግዝናን እንጂ ኤች አይ ቪንም ሆነ ሌሎች የአባላዘር በሽታዎችን አይከላከልም።

እዚህ አገር ውስጥ የተደፈረ ሰው በ72 ሰዓት ውስጥ፣ ቢቻል በዚያው ቀን፣ ጤና ተቋም ከደረሰ ቫይረሱ እንዳይይዘው የሚከላከል መድኃኒት ይሰጠዋል፤ ለ28 ቀናት ሳይቋረጥ ይወሰዳል። ይህን ዛሬውኑ ደብተራችሁ ላይ ጻፉት፤ ለስደት ብቻ አይደለም የሚጠቅመው። በረሃ ላይ ግን 72 ሰዓት ማለት ሌላ የጭነት መኪና መጠበቅ ነው። ቀድሞ ፀረ-ኤች አይ ቪ መድኃኒት የጀመረ ሰው ቢሄድም መድኃኒቱ ይቋረጥበታል።

በክልላችን የቫይረሱ ስርጭት ከጋምቤላና ከአዲስ አበባ ጋር ሲነጻጸር ዝቅተኛ ነው። ይህ መልካም ዜና አንድ መጥፎ ጎን አለው። «እኛ ጋ የለም» ስለሚባል፣ ከስደት የተመለሰ ወጣት ለምርመራ ሲሄድ ከታየ ሰው በጥርጣሬ ያየዋል፤ ስለዚህ መመርመሩን ይተወዋል። የተመለሰ ሁሉ ቫይረሱ አለበት ማለት ከቶ አይደለም። ቢኖርበትም ሕክምናው ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በነፃ ይሰጣል፤ መድኃኒቱን በአግባቡ ወስዶ በደሙ ውስጥ ያለው ቫይረስ በምርመራ ከማይታይበት ደረጃ የደረሰ ሰው በግብረ ሥጋ ግንኙነት ለሌላው አያስተላልፍም። እንደ ማኅበራዊ ሠራተኛ የምለው፣ ተመላሹን ከመርዶ ነጋሪ በላይ የሚያደክመው የጎረቤት ሹክሹክታ ነው።

ሕጉ ምን ይላል? ሕጋዊው መንገድስ?

አዋጅ ቁጥር 1178/2012 ሁለት ወንጀሎችን ለይቶ ያያል፤ በሰው መነገድንና ሰውን በሕገወጥ መንገድ ድንበር ማሻገርን። አሻጋሪ ድንበር አሳልፎ ሒሳቡን ይቀበላል። ነጋዴ ግን ሰውየውን ራሱን ለብዝበዛ ያውለዋል። የዱቤ ጉዞ ክፋቱ የመጀመሪያው ሆኖ ጀምሮ መንገድ ላይ ሁለተኛው መሆኑ ነው፤ ተጓዡም የትኛው ከተማ ላይ እንደተቀየረ አያውቅም። በሰው የመነገድ ወንጀል ተጎጂ የሆነ ሰው ተበዳይ እንጂ ተከሳሽ ስላልሆነ፣ ተመላሾች ለፖሊስ ለመናገር መፍራት የለባቸውም።

«እሺ፣ በሕጋዊው መንገድስ?» የሚል ጥያቄ ሁልጊዜ ይመጣል። አለ። ለውጭ አገር ሥራ ስምሪት የወጣው አዋጅ ቁጥር 923/2008 የቪዛ፣ የደርሶ መልስ ትኬት፣ የሥራና የመኖሪያ ፈቃድ እንዲሁም የመድን ዋስትና ወጪ በአሠሪው ላይ እንዲሆን ደንግጓል። ሠራተኛው የሚሸፍነው እንደ ፓስፖርት፣ የጤና ምርመራ፣ ክትባት፣ የልደት ምስክር ወረቀትና የሙያ ብቃት ማረጋገጫ ያሉትን ነው። ዕድሜም 18 መሙላት አለበት። ስለዚህ «የትኬት አምጪ» የሚል ኤጀንሲ ካጋጠማችሁ ሕግ እየጣሰ ነው።

ይህ ማለት ሕጋዊው መንገድ ገነት ያስገባል ማለት አይደለም። በዓረብ አገሮች የሚሠራበት «ከፋላ» የሚባለው ሥርዓት የሠራተኛውን የመኖሪያ ፈቃድ ከአሠሪው ጋር ያስራል፤ በተለይ የቤት ሠራተኞች ፓስፖርታቸውን የሚነጠቁበትና አሠሪ መቀየር የሚያቅታቸው ጊዜ ብዙ ነው። በ2006 ዓ.ም. ሳዑዲ ዓረቢያ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያንን ስትመልስ ብዙዎቹ ባዶ እጃቸውን ነበር የመጡት። ሌላም አለ። የባሕረ ሰላጤው አገሮች የሚጠይቁት የጤና ምርመራ ኤች አይ ቪን ይጨምራል፤ ቫይረሱ በደሙ ውስጥ የተገኘበት ሰው የሥራ ቪዛ አያገኝም፣ እዚያ ሆኖ ከተገኘበትም ወደ አገሩ ይመለሳል። (ደንቡ ተገቢ ነው ብዬ አላምንም፤ ግን አለ፣ ማወቅ ይሻላል።) በዚህ ምርመራ ምክንያት ውጤታቸውን ለመጀመሪያ ጊዜ ሰምተው፣ ቪዛው ስለቀረ ብቻ ተናደው ሕክምና ሳይጀምሩ ወደ ታህሪብ የሚዞሩ እንዳይኖሩ፣ የምክር አገልግሎት አብሮ መፈለግ አለበት።

ለክበብ ውይይት

አንድ የክፍላችሁ ልጅ ሐሙስ ማታ ከሌሎች ጋር እንደሚሄድና ለእናቱ እንዳትናገሩ በሹክሹክታ ነገራችሁ እንበል። ከላይ ምስጢሩ ለማን እንደሚሠራ አይተናል። ትናገራላችሁ? ለማን? ሁለተኛው ጥያቄ ይከብዳል። ለመጋፌ የሚሰበሰበው መዋጮ ቢቆም ንግዱም በዚያው ይቆማል የሚሉ አሉ፤ የልጇን ድምፅ በስልክ የሰማች እናት ደግሞ ይህን ክርክር የምትሰማበት ጆሮ የላትም። ክበባችሁ የሚስማማበትን ብቻ ሳይሆን ያልተስማማበትንም ጽፋችሁ ላኩልን።