የጠፋ የሞተር ዕቃ እንዴት ይተካል? ፔጆ 404 ፒክአፕን እንደ ምሳሌ

«ዕቃው የለም» የሚለው መልስ ለአሮጌ መኪና ባለቤት እንደ መርዶ ነው። በፒክአፑ ሽንኩርትና ድንች አመላልሶ ልጆቹን ለሚያሳድግ ሰው የአንዲት ትንሽ ብረት መታጣት የዕለት እንጀራ መቋረጥ ማለት ነው። በዚህ ጊዜ ሁለት ዓይነት ስሕተት ይሠራል። አንደኛው መኪናዋን በግቢ ጥግ አቁሞ ለዝገት መተው ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ ያገኙትን ብረት ሁሉ እየሞረዱ በመግጠም ጤነኛውን የሞተር ክፍል ጭምር ማጥፋት ነው። በእነዚህ በሁለቱ መካከል ሦስተኛ መንገድ መኖሩን ለማሳየት ይህችን አጭር ትምህርት አዘጋጅተናል። እኛ የአርትስ ፋኩልቲ ተማሪዎች ስለ ሆንን የምሕንድስና ጓደኞቻችን «እናንተ ደግሞ ከመቼ ወዲህ?» ሳይሉን አይቀሩም። መልሳችን አጭር ነው፤ ሞተርም እንደ ብራና ጽሑፍ ቀስ ብሎ ላነበበው ሰው ትርጉሙን አይሸሽግም።

ለምሳሌ የመረጥነው ፔጆ 404 ነው። ይህ መኪና በፈረንሳይ አገር እ.ኤ.አ. በ1960 ወጥቶ በጠቅላላው ከ2.8 ሚሊዮን በላይ ተሠርቷል። በምሥራቅ አፍሪካ የሳፋሪ ውድድርም እ.ኤ.አ. በ1963፣ በ1966፣ በ1967 እና በ1968 ድል ያደረገው እርሱ ነው። በአገራችንም ሐረርን ያየ ሰው ያውቀዋል፤ አውቶሞቢሉ በፈረንሳይ መሠራቱ እ.ኤ.አ. በ1975 ካበቃ ከአሥርተ ዓመታት በኋላም 404 ታክሲዎች በሐረር መንገዶች ሲመላለሱ ኖረዋል። ፒክአፑ በሞተር በኩል የታክሲው ዘመድ ስለ ሆነ፣ ስለ አንዱ የምንማረው ለሌላውም ይጠቅማል።

1ኛ፤ ከስሙ በፊት ልኩ

ወደ መለዋወጫ መደብር ሄዶ «የ404 ፒስተን አለ ወይ?» ብሎ መጠየቅ አይበቃም። በ404 ስም የወጡት የቤንዚን ሞተሮች አንድ ዓይነት አይደሉምና። ዋነኛው 1618 ሴንቲሜትር ኩብ ሲሆን የሲሊንደሩ ስፋት 84፣ የፒስተኑ ምልልስ 73 ሚሊሜትር ነው። ከ403 የተወረሰው የ1468 ሞተር ግን ምልልሱ ያው 73 ሆኖ ስፋቱ 80 ነው፤ በአንዳንድ ፒክአፕ ላይም የሚገኘው ይኸው ትንሹ ነው። ከዚህም በላይ በጋራዥ ቋንቋ ኮሎ የሚባለው የሞተሩ ዋና ዘንግ መጀመሪያ በ3 ቦታ ላይ ይደገፍ ነበር፤ በኋላ ግን ደጋፊው 5 ሆነ። ስለዚህ የፊተኛው ዕቃ ለኋለኛው ይሆናል ብሎ መገመት ገንዘብ መጣል ነው። አሮጌ መኪና በዕድሜው ሞተር ለውጦ ሊሆንም ስለሚችል፣ የሰነዱን ዓመተ ምሕረት ከማመን ይልቅ በሞተሩ ገላ ላይ የተመታውን ቁጥር ማንበብና ዕቃውን ፈትቶ በመለኪያ መለካት ይገባል።

2ኛ፤ ዘመድ መፈለግ

ልኩ ከታወቀ በኋላ የሚመጣው ጥያቄ «ይህ ዕቃ በሌላ ስም ይገኛል ወይ?» የሚል ነው። ብዙ ዕቃ የመኪናው ፋብሪካ የግል ሀብት አይደለም። ለምሳሌ ኩሽኔታ በዓለም ሁሉ የታወቀ ቁጥር አለው፤ 6203 የሚል የተጻፈበት ኩሽኔታ የውስጥ ቀዳዳው 17፣ የውጭ ስፋቱ 40፣ ውፍረቱ 12 ሚሊሜትር ነው፤ ከየትኛውም መኪና ወይም ከውኃ መሳቢያ ሞተር ቢመጣ ልኩ ያው ነው። ዘይት የሚያግደው ጎማም እንዲሁ በውስጥ ስፋቱ፣ በውጭ ስፋቱና በውፍረቱ ይጠየቃል እንጂ በመኪናው ስም ብቻ አይጠየቅም።

ነገር ግን ዘመድ ሁሉ መንትያ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1968 የወጣው ፔጆ 504 የመጀመሪያ ሞተሩ ስፋቱ ያው 84 ሲሆን ምልልሱ ግን 81 ነው። ስፋቱ ተመሳሰለ ብሎ የ504ን ፒስተን የሚገዛ ሰው መጀመሪያ ሊለካው የሚገባ ሌላ ነገር አለ፤ ይኸውም ከፒስተኑ አናት አንሥቶ ፒስተኑን ከቢዬላው ጋራ እስከሚያያይዘው ፒን ድረስ ያለው ርቀት ነው። ይህ ርቀት ከበለጠ ፒስተኑ ወደ ላይ ሲወጣ ቴስታታውን ወይም ቫልቮላውን ሊመታ ይችላል፤ ካነሰ ደግሞ የሞተሩ እመቃ ይደክማል።

ለካርቡራተርም ይኸው ሕግ ይሠራል። በሶሌክስ ካርቡራተር ቤንዚን በሚያልፍባት ትንሽ ቀዳዳ ላይ ያለው ቁጥር የቀዳዳዋን ስፋት በሚሊሜትር መቶኛ ይናገራል፤ 130 ማለት 1.30 ሚሊሜትር ማለት ነው። ወደ 2,400 ሜትር ግድም ከፍታ ባላት በአዲስ አበባ አየሩ ስስ ስለ ሆነ፣ ለባሕር ጠረፍ የተዘጋጀ ቀዳዳ ቤንዚን ያበዛል፤ ጭሱም ይጠቁራል። ስለዚህ ከሌላ መኪና የመጣን ካርቡራተር ከመግጠም በፊት ቁጥሩን ማንበብ ያስፈልጋል። በሽቦ ወይም በመሰርሰሪያ ማስፋት ግን ክልክል ነው፤ የሰፋ ቀዳዳ ተመልሶ አይጠብምና።

3ኛ፤ አሮጌውን ማዳን

አዲስ ካልተገኘ አሮጌው ይታረማል። ኮሎው ቢጫር በመሣሪያ ተስተካክሎ ይቀጥንና በቀጠነው ልክ የወፈረ ብሮንዚና ይገጠምለታል። እዚህ ላይ አንድ ትልቅ ምክር አለን፤ ብሮንዚናው በእጅ ሳይገባ ኮሎው አይነካ! ብዙ ሰው ኮሎውን 0.50 ሚሊሜትር አስቀጥኖ ሲያበቃ በገበያው ያለው ብሮንዚና ለ0.25 ብቻ የሚሆን ሆኖ ያገኘዋል። ያን ጊዜ ጤነኛ የነበረው ኮሎ ራሱ ጠፊ ዕቃ ይሆናል። ቅደም ተከተሉ ምንጊዜም መጀመሪያ ዕቃው፣ ቀጥሎ መሣሪያው ነው።

በሲሊንደር በኩል 404 ለባለቤቱ ቸር ነው። ፒስተኑ የሚመላለስበት ቱቦ ከሞተሩ ገላ ጋራ አንድ ሆኖ የተቀረጸ ሳይሆን ተነቅሎ የሚወጣ ነው፤ ዙሪያውንም የራዲያተር ውኃ ያቀዘቅዘዋል። ስለዚህ ሲያልቅ ቱቦውና ፒስተኑ አብረው ይለወጣሉ። ሆኖም የቱቦው አፍ ከሞተሩ ገላ በላይ በሚሊሜትር መቶኛ የሚቆጠር ያህል ብቅ ማለት አለበት፤ ቴስታታው ሲጠብቅ ጓርኒሲዮኑን የሚጨምቀው ያ ብቅታ ነው። ዝቅ ካለ ውኃ ወደ ዘይት ይገባል። ቴስታታው በተነሣ ጊዜም ቱቦዎቹ በቡሎንና በሰፊ ሮንዴላ ሳይያዙ ኮሎውን ማዞር አይገባም፤ ቱቦው ከመቀመጫው ይነሣና ከሥር ያለው መድፈኛ ይበላሻል።

4ኛ፤ አዲስ መሥራት

የወረቀት ጓርኒሲዮን በእጅ ይሠራል። ተስማሚውን ወረቀት በብረቱ አፍ ላይ ዘርግቶ፣ ዳሩን በትንሽ መዶሻ በቀስታ በመምታት መቁረጥ ይቻላል። ቀላል ቡሽና ማያያዣም በቶርኖ ይወጣል። አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ዕቃውን ሳይሆን ተግባሩን መተካት ይበቃል። የ404 ማራገቢያ ሞተሩ ሲሞቅ ብቻ በኤሌክትሪክ ማግኔት ተይዞ የሚዞር ነው፤ ማግኔቱ ሲበላሽና ሲታጣ ማራገቢያውን ሁልጊዜ እንዲዞር አድርጎ ማሰር ይቻላል። ጥቂት ጉልበትና ቤንዚን ይበላል፤ ሞተሩ ግን አይቃጠልም።

5ኛ፤ የማይደፈረው

ሁሉ ነገር በብልሃት አይሆንም። የቢዬላ ቡሎን ከተራ ብረት አይሠራም፤ በየዙሩ የሚደርስበት ጉተታ ከባድ ስለ ሆነ ሲበጠስ የሞተሩን ገላ ቀዶ ይወጣል። የቴስታታ ጓርኒሲዮንም ከወረቀት አይቆረጥም። ከሁሉ የከፋው ልማድ ግን የላላ ብሮንዚና ለማጥበቅ ከጀርባው ቀጭን ቆርቆሮ ወይም ወረቀት ማንጠፍ ነው። ለጊዜው የሞተሩ ድምፅ ይለዝባል፤ ባለቤቱም ደስ ብሎት ከፍሎ ይሄዳል። ይሁን እንጂ ሙቀቱ ወደ ገላው እንደ ልብ አያልፍም፣ የዘይቱም ቀዳዳ ሊደፈን ይችላል፤ መጨረሻው ኮሎው መያዙ ነው። በጥቂት ብር የዳነ የመሰለ ሞተር ጭነቱን እንደ ተሸከመ ዳገት ላይ ይቀራል።

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ የምናወጣው ትምህርት አንድ ነው። «የለም» ሲባል «ሥራው ምንድን ነው? ልኩስ ስንት ነው?» ብሎ መጠየቅ፣ መልሱንም መጻፍ። እያንዳንዱ አሮጌ መኪና የራሱ ደብተር ያስፈልገዋል፤ የሞተሩ ቁጥር፣ ኮሎው ስንት እንደ ቀጠነ፣ የካርቡራተሩ ቁጥር፣ ከሌላ መኪና የመጣውም ዕቃ ከየት እንደ መጣ ይመዝገብበት። አለዚያ ነገ የሚፈታው መካኒክ ዛሬ የተደረገውን በግምት ይደርስበታል።

ለእኛም የሚሆን ሥራ እዚህ አለ። አንጋፋው መካኒክ ከጣልያንኛ በመጣ ቃል ጓርኒሲዮን፣ ቴስታታ፣ ብሮንዚና ይላል፤ ተማሪው ከእንግሊዝኛው መጽሐፍ ጋስኬት፣ ሲሊንደር ሄድ፣ ቤሪንግ ብሎ ይማራል። ሁለቱ ስለ አንድ ብረት እየተናገሩ አይግባቡም። መካኒኩ በአርባ ዓመት ሥራ ያከማቸው ዕውቀትም በአብዛኛው ሳይጻፍ ከእርሱ ጋራ ይቀበራል። የምሕንድስና ጓደኞቻችን መለኪያውን ይያዙ፤ እኛ ብዕሩን እንያዝ፤ በዕረፍት ቀናችን ወደ ጋራዥ ወርደን ከባለሙያዎቹ እግር ሥር እንቀመጥ። የጠፋ ዕቃ በቶርኖ ሊተካ ይችላል፤ ሳይጻፍ የጠፋ ዕውቀት ግን ቶርኖ የለውም።