አራዊትን አይተን እንጻፍ



ስለ አውሬ ስንጽፍ ብዙ ጊዜ የምንጽፈው የራሳችንን ፍርሃት ነው። በመጽሐፈ ኢዮብ ምዕራፍ 38 እና 39 ግን እግዚአብሔር ኢዮብን ስለ ቁራ ጫጩቶች ረኃብና ስለ ተራራ ፍየል ምጥ ይጠይቀዋል። ኢዮብም ከሰው ዓይን የራቁ ፍጥረታት መጋቢ እንዳላቸው ይማራል።

በዚህ አብነት ቀይ ቀበሮን እንመልከት። የሚኖረው በባሌ፣ በስሜንና በሌሎች የአገራችን ደጋዎች ብቻ ነው። አንዳንዴ ጠቦት ቢወስድም ምግቡ በአብዛኛው አይጥና ፍልፈል ነው። ቀን ለብቻው ያድናል፤ ሲመሽ ከመንጋው ጋር ይተኛል። አንዲቱ የወለደቻቸውን ቡችሎች ሌሎቹም አብረው ይመግባሉ። ከውሾች የሚጋባበት የእብደት በሽታ ግን መንጋውን ይፈጀዋል። ዛሬ የቀሩት አዋቂዎቹ ከ500 አይበልጡም።

እንግዲህ ለሚቀጥለው እሑድ እያንዳንዳችን ስለ አንድ የዱር እንስሳ፣ ጅብም ቢሆን፣ 10 መስመር እንጻፍ። ምን ይበላል? ልጆቹን የት ይደብቃል? ምን ያስፈራዋል? «ክፉ» እና «ጨካኝ» የሚሉትን ቃላት ትተን፣ ያየነውንና ያረጋገጥነውን ብቻ እናስፍር። የእንስሳን ረኃብና የልጅ ፍቅር በእጁ የጻፈ ሰው፣ ድንጋይ ለመወርወር ያው እጁ ይከብደዋል።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።