ኤርኮንዲሽን ሲበራ ስለሚንቀጠቀጥ ሞተር

ከመካከላችን የራሱ መኪና ያለው ጥቂት ነው። ነገር ግን በዕረፍት ጊዜ ገንዘብ አዋጥተን በአንድ አሮጌ አውቶሞቢል ወደ ጎጃም የምንጓዝ ብዙዎች ነን። በአንዱ ጉዞ የዓባይን በረሃ በኤርኮንዲሽን ተሻግረን፣ ደጀንን አልፈን፣ ሉማሜ ላይ ቡና ለመጠጣት ስንቆም ሞተሩ እንደ ወባ በሽተኛ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ኤርኮንዲሽኑን ብናጠፋው ተወው፤ ብናበራው ተመለሰበት። በኋላ ያማከርነው መካኒክ ኮፈኑን እንኳ ሳይከፍት «ኮምፕሬሰሩ ይለወጥ» አለን። ዋጋውን ስንሰማ ደነገጥንና ነገሩን ራሳችን ልናጠናው ተነሣን። የደረስንበትን እነሆ።

ኮምፕሬሰሩ ጋዙን የሚያምቀው በቺንጊያ አማካይነት ከሞተሩ ጉልበት ወስዶ ነው። መኪናው ሲሮጥ ይህ እምብዛም አይሰማም። ቤንዚን ሳይረገጥ፣ መካኒኮች ሚኒሞ በሚሉት ዙር ግን ሞተሩ በደቂቃ ከ700 እስከ 850 ጊዜ ያህል ብቻ ስለሚዞር የሚተርፈው ጉልበት ትንሽ ነው። ስለዚህ ኮምፕሬሰሩ ሥራ ሲጀምር ሞተሩ ተጨማሪ አየርና ቤንዚን ማግኘት አለበት። በካርቡራተር መኪና ይህን የሚያደርግ ሚኒሞውን ከፍ የሚያደርግ ትንሽ መሣሪያ አለ፤ በኮምፒውተር በሚታዘዘው ደግሞ የሚኒሞ ቫልቭ ወይም ስሮትል የሚባለው የአየር በር ነው። ይህ መንገድ በጥላሸት ከጠበበ ሞተሩ ባዶውን ደኅና ይሠራል፤ ሲጫን ግን ያነክሳል። ጤፍ ወደ ገበያ የሚወስድ አህያም የጉልበቱ ሕመም የሚታወቀው ከተጫነ በኋላ ነው።

የከፍታም ነገር አለበት። የሉማሜና የደብረ ማርቆስ ደጋ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ስለ ሆነ፣ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው በሩብ ያህል ያንሳል። ሞተሩ ያንኑ ያህል አየር ለማግኘት በሩን ይበልጥ መክፈት ግድ ይሆንበታል። አዲስ አበባም በከፍታ ከዚህ ብዙ አትለይም፤ ዳሩ ግን በብርዷ ኤርኮንዲሽን የሚያበራ ጥቂት ስለ ሆነ ጉድለቱ ተሸሽጎ ይኖርና በዓባይ ሙቀት ይገለጣል።

ምርመራው ከርካሹ ወደ ውዱ ይሂድ። አስቀድሞ ማርሹ ፍሪ ይሁን፣ የእጅ ፍሬን ይያዝ፣ ከጎማ ሥር ድንጋይ ይደረግ፣ ነጠላና ሻርፕ ከቺንጊያው ይራቅ።

አንደኛ፤ ሞተሩ ከሞቀ በኋላ ኤርኮንዲሽኑ ጠፍቶ ሚኒሞውን ማዳመጥ ነው። ያን ጊዜም የሚያነክስ ከሆነ ካንዴላው፣ ቦቢናውና የአየር ጎማዎቹ ይታዩ።

ሁለተኛ፤ ኤርኮንዲሽኑን አብርቶ ዙሩን መከታተል ነው። ጥቂት ወርዶ ወዲያው ቢመለስ ደኅና ነው። ወርዶ ከቀረ የአየር በሩና የሚኒሞ ቫልቩ ይጽዱ።

ሦስተኛ፤ ዙሩ ሳይወርድ ወንበሩና መሪው ብቻ ቢንቀጠቀጡ፣ ሞተሩ የተቀመጠበት የሱፖርት ጎማ ተበልቶ ሊሆን ይችላል።

አራተኛ፤ ከራዲያተሩ ፊት ያለው ኮንደንሰር በአቧራ ቢደፈን ወይም ቬንትሌተሩ ባይዞር የጋዙ ግፊት ጨምሮ ሸክሙን ያከብደዋል።

አምስተኛ፤ ሞተሩ እየሠራ ባትሪው ላይ ሲለካ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከ13.5 እስከ 14.5 ቮልት መገኘት አለበት፤ ካነሰ ዲናሞው ይመርመር።

ይህ ሁሉ ደኅና ሆኖ ሳለ ኮምፕሬሰሩ ቢያጓራ ወይም ቺንጊያው ቢጮህ ያን ጊዜ ኮምፕሬሰሩ ይጠርጠር። ጋዙን ግን በገዛ እጅ መፍታት አደገኛ ነው፤ ለባለሙያ ይተው።

በእኛ መኪና የአየር በሩ ጥላሸት ለብሶ ተገኘ። በማጽጃና በጨርቅ ጠረግነው፤ መንቀጥቀጡም ቆመ። ኮምፕሬሰሩ እስከ ዛሬ ያው ነው።

ነገሩ የገንዘብ ብቻ አይደለም። ቤንዚን ለመቆጠብ ሲሉ ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ በፍሪ ማርሽ የሚወርዱ አሉ። በዚያን ጊዜ ሞተሩ የሚሠራው በሚኒሞ ነው፤ ኤርኮንዲሽኑም በርቶ ከሆነ ደካማ ሞተር ሊጠፋ ይችላል። ሞተሩ ከጠፋ መሪው ይከብዳል፤ ፍሬኑም ከጥቂት ርግጫ በኋላ ረዳቱን ያጣል። ስለዚህ ቁልቁለቱን በማርሽ እንውረድ፤ የሚንቀጠቀጠውንም ሞተር ከጉዞው በፊት፣ ኤርኮንዲሽኑን አብርተን፣ እዚሁ አዲስ አበባ እንመርምረው።