ድንበርና ንቀት በጎንደር



የጎንደር ስም ሲነሣ ብዙዎቻችን ወዲያው የምናስበው የፋሲልን ግንብ፣ አርባ አራቱን ታቦትና ጥምቀትን ነው። ይህም ተገቢ ነው። ሆኖም አፄ ፋሲል በ1628 ዓ.ም. የቆረቆሯት ከተማ በክርስቲያኖች እጅ ብቻ አልተሠራችም። ሙስሊሞች፣ ቤተ እስራኤላውያንና ቅማንቶች አብረው ኖረውባታል። እንዴት ኖሩ? የሚለውን ጥያቄ በዚህ ጽሑፍ በጥቂቱ እንመለከታለን።

በአፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን፣ በ1660 ዓ.ም. ገደማ፣ የሃይማኖት ወገኖች በሰፈር ተለይተው እንዲኖሩ ጉባኤ ተደርጎ ታወጀ። ሙስሊሞቹ በቀሓ ወንዝ አጠገብ ሰፈሩ። ሰፈሩም በመጀመሪያ እስላም ቤት፣ በኋላ አዲስ ዓለም ተባለ። ቤተ እስራኤላውያን ደግሞ የራሳቸው ሰፈር ነበራቸው፤ ካይላ ሜዳ የሚለው ስም ይህንኑ ያስታውሳል።

ከሰፈሩ ይልቅ የከበደው ግን የመሬቱ ነገር ነው። ርስት ያልተፈቀደለት ሰው በምን ይኖራል? ሙስሊሙ ወደ ንግድና ወደ ሽመና ሄደ። የጎንደርን ንግድ ከምጽዋና ከሱዳን ጋር ያገናኙት በአብዛኛው እነርሱ ናቸው። ቤተ እስራኤላዊው ብረት ቀጠቀጠ፤ ግንበኛና አናጢም ሆነ። ሚስቱ ሸክላ ሠራች። እንግዲህ ገበሬው የሚያርስበት ማረሻ፣ እናቶቻችን እንጀራ የሚጋግሩበት ምጣድ፣ ውኃ የሚቀዱበት እንስራ ከዚያ ቤት ይወጣ ነበር። ለዚህ የተከፈለው ምስጋና ምን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን፤ «ቡዳ» የሚል ስም ነው። ማረሻውን ገዝተን ቀጥቃጩን ፈራነው። ይህ ከየት መጣ? ጌታችን ያደገው በጠራቢ ቤት ነው፤ ሸክላ ሠሪን የሚረግም ቃልም በመጽሐፍ አናገኝም። ስለዚህ ይህ ንቀት ከሃይማኖታችን የተገኘ ነው ለማለት አንችልም።

እዚህ ላይ መለየት ያለበት ነገር አለ። ድንበር ሁሉ ንቀት አይደለም። ክርስቲያን የሙስሊምን እርድ አይበላም፤ ሙስሊምም የክርስቲያንን። ሆኖም በሠርግና በተዝካር ቀን ደጋሹ ለሌላው ወገን በራሱ ሰው እጅ የሚታረድ ከብት ለይቶ ያቀርባል፤ ድስቱም ምግብ አብሳዩም የተለየ ነው። ይህ መለያየት ቢሆንም እንግዳውን አክብሮ ለመጥራት የተበጀ ነው። ቤተ እስራኤላውያንም በበኩላቸው ከሌላ ሃይማኖት ሰው ጋር ሲነካኩ በውኃ ይታጠቡ ነበር። ድንበሩ ከሁለቱም ወገን ነበረ ማለት ነው።

ደግሞም ከምናስበው በላይ እንቀራረባለን። የቤተ እስራኤል ካህን ቄስ ይባላል፤ ኦሪቱንም የሚያነበው በግእዝ ነው። ማኅበር ይጠጣሉ፤ መነኮሳትም ነበሯቸው። ስግድ የተባለው በዓላቸው ስሙ እንደሚያመለክተው ከስግደት የመጣ ነው። በአምቦበር ካህናቱ ኦሪቱን ይዘው፣ ሕዝቡም ጾሞ ወደ ተራራ ይወጣ ነበር፤ ከጸሎት በኋላ ወርደው ይበሉ ነበር። በጭልጋና በአርማጭሆ የነበረው የቅማንት ሃይማኖት ደግሞ ወንበር በሚባለው መሪ ይመራ ነበር፤ ጸሎቱም በተከበረ የዛፍ ደን ውስጥ ይደረግ ነበር። የአብያተ ክርስቲያናችንን ቅጥር ያየ ሰው ለዛፍ የሚሰጠው ክብር አይገርመውም። ከቅማንት አብዛኛው በጊዜ ብዛት ክርስትና ተነሥቷል።

የርስቱ ክልከላ በየካቲት 1967 ዓ.ም. በወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ቀረ። ቤተ እስራኤላውያን ግን ብዙ አልቆዩም። በ1977 ዓ.ም. በሱዳን በኩል፣ በግንቦት 16 እና 17 ቀን 1983 ዓ.ም. ደግሞ ከ14,000 በላይ የሚሆኑት ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ወደ እስራኤል ሄዱ። ስግድ በ2000 ዓ.ም. እዚያ ብሔራዊ በዓል ሆኗል። እኛ ጋ የቀረው ወልቃ ነው፤ ከከተማችን ወጣ ብሎ በመንገድ ዳር ሸክላ ይሸጥበታል።

ሙስሊሞቹ ግን ዛሬም ጎረቤቶቻችን ናቸው። ሚያዝያ 18 ቀን 2014 ዓ.ም. በአንድ ሙስሊም አባት ቀብር ላይ፣ መቃብሩ ከቤተ ክርስቲያን ጋር በሚዋሰንበት ቦታ በተነሣ ጠብ የብዙ ሰው ሕይወት ጠፋ። ሦስት መቶ ሃምሳ ዓመት ጎን ለጎን የቀበሩ ሰዎች በአንድ ቀን በድንጋይ ተጣሉ። ስለዚህ ለሚመጣው እሑድ ውይይት ይህን ጥያቄ እናቅርብ፤ በየቤታችን ያሉትን አያቶች ጠይቀን እንምጣ፦ ምጣዱን ከማን ገዙ? በሠርጋቸው ቀን የሙስሊሙን ድስት ማን ሠራ?